የብረት ክንፍ ድምፅ

ጓደኛዬን መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚለው። ታናናሾቹ ለአክብሮት «ጋሽ ጆሮ» ይሉታል፣ እሱም ሳይቀየም አቤት ይላል። ቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የድምፅ ቴክኒሻን ሆኖ ሠርቷል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ አምፖል መጮህ ሲጀምር ምድር ቤት ሆኖ ይሰማል። ይህን ሰው ነግሮኝ አይደለም የማወራው፤ እየሮጥኩ ወጥቼ አምፖሉን የምቀይረው እኔ ነበርኩ። የስቱዲዮ መብራት ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን ሁለታችንም ጡረተኞች ነን።

ሰዉ የጆሮን ስም ባያውቅም ድምፁን ግን ያውቀዋል። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ «የብረት ክንፍ» የሚባል ተከታታይ ፊልም እንሠራ ነበር። ቀን ቀን ደብዳቤ የሚያድል አንድ ፖስተኛ፣ ክፉ ነገር ሲመጣ መጋዘን ውስጥ ገብቶ የብረት ክንፍና ጭምብል ያጠልቅና እየበረረ ከተማዋን ያድናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት መንገድ ላይ ልጅ የሚባል አይገኝም ነበር። ክንፉ የብር ቀለም የተቀባ ካርቶን ነው። የሚያበረው ደግሞ ከጣሪያ የወረደ ገመድ ነው፤ ገመዱ እንዳይታይ መብራቱን ወዲያና ወዲህ የማዞረው እኔ ነኝ።

ክንፉን የሚለብሰው ሰው የስፖርት አስተማሪ ነበር። ትከሻው በበር አያስገባውም፤ እኛም «ትከሻ» አልነው። መልክ አለው፣ ቁመና አለው፣ አፉን ሲከፍት ግን ጫጩት ነው። በመጀመሪያው የቀረፃ ቀን «እጅ ወደ ላይ!» ሲል ወንበዴ ሆነው የሚተውኑት ሰዎች ራሳቸው ሳቁ። ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ሊነጭ ደረሰ። በዚህ መሀል ጆሮ ማይክ ሊሞክር ብሎ ከድርሰቱ ላይ ዐይኑ ያረፈበትን መስመር ዝም ብሎ አነበበ።

«አይዟችሁ፤ እኔ እዚህ ነኝ።»

ከድምፅ ክፍሉ መስታወት ወዲያ ዳይሬክተሩ ቀና አለ። «ማነው አሁን የተናገረው?»

ጭምብሉ አፍ ስለሚሸፍን ነገሩ ቀላል ሆነ። ትከሻ ይበራል፣ ጆሮ ይናገራል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሃምሳ ሁለት ክፍል። ልጆች ቅር እንዳይላቸው ተብሎ የጆሮ ስም ፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ ለማንም እንዳይናገርም ቃል አስገቡት። ቃሉን ጠበቀ። የምናውቀው እኛ የስቱዲዮ ሰዎችና ነፍሷን ይማርና ሚስቱ ብቻ ነበርን። በኋላ ደግሞ ልጁ አወቀች። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ ፊልሙን እያየች ድንገት ዞር አለችና አባቷን ትክ ብላ አየችው።

«አባዬ፣ የብረት ክንፍ ለምንድነው እንደ አንተ የሚቆጣው?»

ከዚያ ወዲያ ሊዋሻት አልቻለም። ልጅቷ ያን ሁሉ ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ጓደኞቿ ክንፍ ከደብተር ሽፋን እየቆረጡ ሲሮጡ፣ ምስጢሩን ሆዷ ውስጥ ይዛ ዞረች። ለልጅ ከዚህ የከበደ ሸክም ያለ አይመስለኝም።

አምና የጆሮ ድምፅ ሻከረ። «ብርድ ነው» አለ። ብርዱ አራት ወር ቆየ። ልጁ አሁን ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ የሚኖሩት ከእሱ ጋር ነው። እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ውጤት የሚነገርበት ዕለት እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። የጉሮሮ ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ እያወራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የፕላስቲክ ጉሮሮ ይፈታል፣ ይገጥማል።

«አባት፣ ዕጢው ያለው ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ ነው። በጨረር የሚታከምበት ጊዜ አልፏል። ማንቁርትዎን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አለብን። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገትዎ ላይ በምንከፍተው ቀዳዳ ይሆናል። ቶሎ ከገባን ይድናሉ።»

«ማውራትስ?» አለ ጆሮ።

ሐኪሙ ፕላስቲኩን አስቀመጠ። «በራስዎ ድምፅ ከሆነ፣ ከእንግዲህ አይቻልም።»

ቀጠሮው ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ እንዲሆን ተያዘ። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ ጆሮ ክንዴን ያዘኝ። «አልገባም» አለኝ። «ሞትን እንዲህ አድርጎ ቆራርጦ መሞት ምንድነው? አንዴ ይጨርሰኝ።»

ልጁ ለመነች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። እሱ ወይ ፍንክች። በሦስተኛው ቀን ቤቴ መጣች። የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ከሥራዋ ተነስታ እንደወጣች ገባኝ። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥ አለች።

«ጋሼ፣ ሊሞትብኝ ነው» አለችኝ። «ትናንት ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ሃምሳ ሁለት ክፍል ሠርቼ ከድምፄ አንዲት ቅንጣት ቤቴ ውስጥ የለችም፤ እሷን አምጡልኝና ያኔ ጉሮሮዬን ውሰዱት፣ ካልሆነ ከነድምፄ ቅበሩኝ አለኝ። በስልኬ ልቅረጽህ ብለው፣ የሬሳ ፎቶ ልታነሺ ነው ወይ ብሎ ጮኸብኝ።»

«የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ቴፕ እኮ ነው፤ ማን አስቀምጦት?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እባክዎ ወደ ጣቢያው ይውሰዱኝ።»

ወሰድኳት። የምናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ጣቢያውን ለቀዋል፤ የበሩ ጥበቃ እንኳ አዲስ ነው። ዕድል ሆኖ አንዲት ወጣት አዘጋጅ አገኘን። ፕሮግራሟ «ያኔና ዛሬ» ይባላል፤ የድሮ ፊልሞችን እያወጣች ዛሬም ይታያሉ ወይስ ጊዜ አልፎባቸዋል ብላ በአቅራቢ ታስወያያለች። «የብረት ክንፍ»ንም ካሰበች ቆይታለች። መዝገቡን አይታ የነገረችን ግን ወሽመጥ የሚቆርጥ ነው፤ ከሃምሳ ሁለቱ የቀሩት ስድስት ቴፖች ናቸው። በሌሎቹ ላይ ቴፕ ባጠረ ጊዜ ኳስ ቀርፀውባቸዋል። ስድስቱም ምድር ቤት ናቸው፤ የሚያጫውተው ማሽን ተበላሽቷል፣ የሚጠግነው ሰው የለም።

«የሚጠግነው ሰውማ አለ» አለች የጆሮ ልጅ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ስንት ቀን እንደቀረው እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነገረቻት።

ጆሮ በማግስቱ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ መጣ። አዘጋጇን በሹክሹክታ መጀመሪያ ያስጠነቀቃት ስለ ራሱ ነው። «ልጄ፣ ስሜ ፕሮግራምሽ ላይ እንዳይነሳ። ቃል አለብኝ።» ከዚያ ምድር ቤት ወረድን። ማሽኑ የልብስ ማጠቢያ ያህላል። አምስት ቀን ሆዱን ከፍቶ ተቀመጠ፤ ቴፑን የሚያነበውን ብረት፣ ሄድ የሚባለውን፣ በጥጥና በአልኮል ጠረገ፣ የተበጠሰ ቀበቶውን ለወጠ፣ የዛጉትን ቁልፎች አንድ በአንድ አሸ። ድምፁ በየቀኑ እየከሰመ ነበር፤ መፍቻ ሲፈልግ በጣቱ ያሳየኛል። ሲውጥ ፊቱን ያጨማድዳል። የመጣለትን ሾርባ ሁለት ጉንጭ ወስዶ ይተወዋል።

ቴፖቹ ደግሞ ከዕድሜ ብዛት ሙጫ ሆነው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። መድኃኒቱን ያውቃል፤ አንድ ሙሉ ቀን በለዘብተኛ ሙቀት መድረቅ አለባቸው። የጆሮ ልጅ ከጎረቤቷ አትክልት የሚደርቅበትን የኤሌክትሪክ ሣጥን ተውሳ መጣች። «ጀግናችንን እንደ ቲማቲም ልናደርቀው ነው» አልኩ። ጆሮ ሊስቅ ሞክሮ ሳል አንቆ ያዘው። መሀረቡ ላይ የተፋውን ልጁ እንዳታይ አጥፎ ኪሱ ከተተ። አይታለች።

ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የመጀመሪያው ቴፕ ዞረ። ትንሿ ስክሪን ላይ ምስሉ ተንቀጥቅጦ ቀጥ ሲል «ዋው!» ብዬ ጮህኩ። የብረት ክንፍ ጣሪያ ላይ ቆሟል፣ እጁን ያወናጭፋል። ድምፅ ግን የለም። ሽሽሽሽ ብቻ። ጆሮ ሄድፎኑን አጥብቆ ያለውን ቁልፍ ሁሉ አዞረ። ሽሽሽሽ። ቴፑን አውጥቶ ወደ አምፖሉ አስጠጋውና በጣቱ ጠርዙን አሳየኝ። ጠርዙ ተበልቷል። ምስሉ የሚቀረፀው መሀሉ ላይ ነው፤ ድምፁ ጠርዙ ላይ። ምድር ቤቱን በሆነ ዘመን ውሃ ገብቶበት፣ ቴፖቹ እንደቆሙ ከሥራቸው ውሃ ጠጥተዋል። ውሃው ሌላውን ሁሉ ትቶ ድምፁን መርጦ በላው።

ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛው እንደዚያው። አራተኛው ላይ በሽሽታው መሀል የሆነ ነገር የሚያጉረመርም መሰለ፤ ጆሮ ዐይኑን ጨፍኖ ሃያ አምስቱንም ደቂቃ አዳመጠው። የማሽኑ ሞተር ነበር። ልጁ በየቀኑ ከሥራ ወጥታ ደረጃው ላይ ትቆማለች። አትጠይቅም፤ ፊቴን ታያለች፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

አምስተኛው ቴፕ ያለቀው አራት ቀን ሲቀር ነው። ስድስተኛው ካርቶኑ ብቻ ነበር፤ ውስጡ ባዶ። ጆሮ ሄድፎኑን አውልቆ ማሽኑ ላይ አስቀመጠና ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። በአርባ ዓመት ጓደኝነታችን ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነው፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ከደረጃው ወርዳ ፊት ለፊቱ ተንበረከከች።

«አባዬ፣ በቃ። ለእኔ ስትል ግባ። ቴፑ ገደል ይግባ፣ ለእኔ ስትል።»

«የልጅሽን ስም መጥራት የማይችል ሰው ቤትሽ ውስጥ ምን ይሠራልሻል?» አላት። ይህችን ለማለት ሦስት ጊዜ ትንፋሹን ሳበ።

«ይቀመጣል! ወንበሩ ላይ ይቀመጥልኛል!»

እሱ ተነስቶ መፍቻዎቹን እየጠረገ ወደ ቦርሳው ይከታቸው ጀመር። እኔ ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ አብቅቷል ብዬ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምቀብረው ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ስድስተኛውን ያገኘችው አዘጋጇ ናት። የዚያኑ ዕለት ሁሉንም መደርደሪያ ስታራግፍ አምሽታ፣ ጣሪያ ሥር «ግብርና፣ የንብ እርባታ» ተብሎ ከተጻፈበት ካርቶን ውስጥ አወጣችው። ስህተት የሠራውን ሰው እግዚአብሔር ይስጠው፤ ውሃው እዚያ አልደረሰም። አድርቀን ጨረስን፤ ቀዶ ሕክምናው ሁለት ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ፎቅ ያለው የማያ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። አዘጋጇ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ፣ ጆሮ፣ ልጁ፣ ከትምህርት ቤት ከነቦርሳዋ የመጣችው የልጅ ልጁ፣ እና እኔ። ቴፑ ደግሞ ላይደገም ስለሚችል እያየነው በዲጂታል ይገለበጥ ነበር።

ድምፅ አለው! የመግቢያው ሙዚቃ ሲሰማ የጆሮ ልጅ እጄን ጨመቀችው። ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም።

በመጀመሪያ ያዋረደኝ ገመዴ ነው። በዚያ በድሮው ትንሽ ስክሪን የማይታየው ነገር ግድግዳ በሚያህለው አዲሱ ስክሪን ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ መሰለ። የብረት ክንፍ ሲበር እንደ ኮት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከተማዋን በበረዶ ሊያሰጥም የመጣው ክፉ ሰው የሚረጨው ጥጥ ነው፤ ጥጡ ጢሙ ላይ ተጣብቆ ይታያል። አንዷ ሴት በር በተንኳኳ ቁጥር ራሷን ስታ ትወድቃለች። ሕንፃውን አንዱ ሲደገፈው ሕንፃው ተነቃነቀ። ሁለቱ ባልደረቦች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥሎ የጆሮ ድምፅ መጣ።

«ክፉዎች ሆይ! ፍርሃት ይግባችሁ! የብረት ክንፍ መጥቷል!»

አንደኛው ባልደረባ መያዝ አቃተውና ሳቀ። የልጅ ልጁ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ጆሮን አየሁት። የሚያዳምጠው እንደ ድምፁ ባለቤት አይደለም፣ እንደ ቴክኒሻን ነው፤ ራሱን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አድርጎ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲጨልም አየሁ።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለኝ፤ ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። «ባዶ በርሜል። ሠላሳ አምስት ዓመት በልቤ ያስቀመጥኩት ይሄን ጩኸት ነው?» ወንበሩን ተደግፎ ሊነሳ ቃጣ።

ያን ጊዜ የጣሪያው ትዕይንት መጣ። እኔም ረስቼው ነበር። ያን ቀን ገመዱን የሚጎትተው ሞተር ተቃጥሎ፣ ዳይሬክተሩ «ክንፉ ተሰብሯል በሉና እንደምንም ሙሉት» ብሎን ነበር። የሚነድ ቤት ጣሪያ ላይ አንዲት ልጅ ቀርታለች። የብረት ክንፍ ሳይበር በደረጃ፣ እንደ ሰው እያለከለከ ይወጣና አጠገቧ ቁጭ ይላል። የተጻፈ ንግግር የለም። ጆሮ ከመስታወቱ ጀርባ በድምፅ ማጉያ የመጣለትን ይናገራል፣ ትከሻ እየሰማ ይተውናል።

«ክንፌ ተሰብሯል» ይላታል፣ ቀስ ብሎ። «አልዋሽሽም፣ መብረር አልችልም። አንቺ ፈርተሻል?»

ልጅቷ ራሷን ትነቀንቃለች።

«እኔም። እንግዲህ ሁለት ፈሪዎች ሆንን። ፈሪ ብቻውን አይወርድም፤ ሁለት ሲሆን ግን ይሞክራል። ደረጃውን እየቆጠርሽልኝ ውረጂ፣ እኔ ቁጥር ይጠፋብኛል።»

ተነስተው መውረድ ጀመሩ። እሷ ትቆጥራለች፣ እሱ እየተሳሳተ ያርማታል፣ እሷ መልሳ ታርመዋለች። አሥራ ሰባት ላይ ሲደርሱ ድምፁ ተንኮሻኮሸና ሽሽታ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልነበረም፤ በጠቅላላው አሥራ አንድ ደቂቃ ድምፅ አገኘን። የሳቀው ባልደረባ እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ ረስቶታል።

አዘጋጇ መብራት አበራች። «ጋሼ፣ ባልዋሽዎት ይሻላል» አለችው። «ፊልሙ ዛሬ አይታይም። ጊዜው አልፎበታል። የአሁን ልጅ አምስት ደቂቃ አይታገሠውም። ያቺ ጣሪያዋ ግን…» አልጨረሰችውም።

«ልክ ነሽ» አላት ጆሮ።

አራታችንም ወደ ጆሮ ቤት ተመለስን። የልጅ ልጁ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ፊቱ ቆመች። «አባባ፣ ሳልዋሽ ልንገርህ? ፊልሙ ይደብራል።»

«እሺ» አላት።

«ጣሪያው ላይ ግን የሚያወራው የብረት ክንፍ አይደለም፣ አንተ ነህ። ትኩሳት ሲይዘኝ እንደዚያ ነው የምታወራኝ።»

«እሱም ሊቀር ነው እኮ፣ የእኔ እናት።»

«ይቅራ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ አለቀሰች። «ይቅራ! አንተ ብቻ እንዳትቀር።»

አቅፎ ይዟት ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ልጁን፣ «የሐኪሙን ወረቀት የት ነው ያደረግሽው?» አላት።

ቀዶ ሕክምናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። በሳምንቱ ልጠይቀው ሄድኩ። አንገቱ ላይ ቀዳዳ፣ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ፣ ጉልበቱ ላይ ትንሽ የመጻፊያ ሰሌዳ። ክፍሉ የአራት ሰው ነው፤ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ድንገት «ያኔና ዛሬ» ተጀመረ፣ በቀጥታ ስርጭት። የጣሪያው ትዕይንት አልነበረም፤ ዘገምተኛ ነው ብለው ቆርጠውት ይሆናል። ገመዱን አሳዩ፣ ጥጡን አሳዩ፣ የተነቃነቀውን ሕንፃ ሁለት ጊዜ ደጋግመው አሳዩ። ስቱዲዮው ውስጥ የተሰበሰቡት ወጣቶች በሳቅ ፈረሱ። በክፍሉ ያሉት በሽተኞችም ቁስላቸውን ይዘው ሳቁ።

እንግዳው ትከሻ ነበር። ሸብቷል፣ ሙሉ ልብስ ለብሷል። አቅራቢው ነገሩን የማያውቅ ሰው ነው፤ «ያ ግርማ ሞገስ ያለው ድምፅዎ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀው።

ትከሻ ፈገግ አለ። «አይ ልጄ፣ ድምፄንማ ሲጋራ በላው።»

ጆሮ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም፤ አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ፉጭ አለ። ሰሌዳውን አነሳ፣ እስክሪብቶውን ያዘ፣ ሳይጽፍ መልሶ አስቀመጠው። ሮጬ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ።

«ኧረ ሰውዬ፣ እያየን እኮ ነው!» አለኝ በአጠገቡ የተኛው።

ምን ልበል? ቃሉ የእሱ እንጂ የእኔ አይደለም። መልሼ አበራሁት። ጆሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የዚያኑ ቀን ለትከሻ ደወልኩለት። «እሱ ተኝቶ አንገቱ ተቆርጦ አንተ እንዲህ ትላለህ?» አልኩት።

በዚያች ቀጭን ድምፁ፣ «የልጅ ልጆቼ እያዩኝ ምን ልበል? አልነበረኝም ልበል? ሠላሳ አምስት ዓመት ስዋሽ ኖሬ ዛሬ በየት በኩል ልውጣ?» አለኝ። ሊጠይቀው እንደሚመጣ ነገረኝ። አልመጣም።

ጆሮ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት ወራት እንዲህ ናቸው ብዬ ልተርካቸው አልፈልግም። ሰው ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ስልክ ሲጮህ ይደነግጣል። አንገት ላይ ተይዞ በንዝረት የሚያናግር መሣሪያ ሐኪም ቤቱ ሰጥቶት ነበር፤ አንዴ ሞክሮ ራሱ ሲሰማው ወርውሮ ሰበረው። አዘጋጇ የላከችለትን ያን የአሥራ አንድ ደቂቃ ቅጂ ከካርቶኑ አላወጣውም። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ባልገባ ይሻለኝ ነበር» ብሎ ጽፎ ለልጁ ሰጣት። እሷም አነበበችው፣ በጨርቅ አጠፋችው፣ ስፌቷን ቀጠለች። ማታ ነገረችኝ።

በአራተኛው ወር አንድ ነገር ተናዘዘችለት። ሆስፒታል በገባበት ጠዋት ግራ ጫማው ጠፍቶበት ቤቱን ሲያተራምስ፣ ስልኳን የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከታ ቀርፃው ነበር። ሁለት ደቂቃ ነው። «ይሄ ቤት ጫማ ይበላል ወይ? አንዱን እግሬን ነው የሚቆርጡት ወይስ ጉሮሮዬን?» እያለ በሻከረ ድምፁ ይቆጣል። ከኋላ የልጅ ልጁ ስትስቅ ይሰማል።

ይናደዳል ብላ ፈርታ ነበር። እሱ ግን የድሮ ሄድፎኑን አምጪ አላት በእጁ። ሁለት ጊዜ አዳመጠው። ከዚያ ሰሌዳውን ስቦ ጻፈ፦

«ማይኩ ሩቅ ነው። ኪስ ውስጥ ነበር እንዴ? ጨርቁ ይንኮሻኮሻል።»

ልጁ እየሳቀች አለቀሰች። እሱ አልሳቀም፤ ስልኩን ግን ቶሎ አልመለሰላትም።

አሁን ዓመት አልፎታል። እስካሁን በምርመራው ዕጢው አልተመለሰም። ማክሰኞ ማክሰኞ እንደ እሱ ማንቁርታቸው የወጣ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ትምህርት አለ፤ አየር ውጠው በግሳት መናገር ይማራሉ። እኔ ነኝ የማደርሰው። ተማሪዎቹ አራት ናቸው፤ አንዷ ሹፌር የነበረች ሴት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። ጆሮ ከአራቱ የመጨረሻው ነው። ባለፈው ሳምንት «ባ» ማለት ችሏል፣ «ቡ» ግን እምቢ ብሎታል። አስተማሪዋ ተስፋ እንዳይቆርጥ ስትነግረው ቆይታ ስታበቃ፣ ሰሌዳውን አውጥቶ የክፍሉ ማራገቢያ እንደሚጮህና ዘይት እንደሚያስፈልገው ጻፈላት።